ከዝርዝር ሳንቲም መካከል የተለዩ ሳንቲሞች፦ የማምረቻ ስህተት የቱ ነው፣ ጉዳትስ የቱ?

ጥያቄ፦ «አዳማ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። የባጃጅ ሾፌሮች ማታ ማታ ሳንቲም አምጥተው በወረቀት ብር ይቀይሩኛል። ስቆጥር ለየት ያሉትን በጣሳ አስቀምጣለሁ። አሁን ስድስት አሉኝ፦ መሃሉ ወደ አንድ ጎን የሸሸ የአንድ ብር ሳንቲም፣ በአንበሳው ፊት ላይ ቀጭን መስመር ያለበት 10 ሳንቲም፣ ፊደሎቹ ድርብ የሚመስሉ 25 ሳንቲም፣ ቀለሙ ወደ ቀይ የተለወጠ 50 ሳንቲም፣ እንደ ቅጠል የሳሳ 5 ሳንቲም፣ በመጨረሻም ከእናቴ ሣጥን ያገኘሁት ዙሪያው ክብ ያልሆነ የጃንሆይ ዘመን 25 ሳንቲም። በስልኬ በማያቸው ቪዲዮዎች እንዲህ ያሉ ሳንቲሞች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣሉ። አንድ ሰው ደግሞ ፎቶ ከላክሁለትና የመመዝገቢያ ከከፈልኩ ገዢ እንደሚያገኝልኝ ነግሮኛል። ምን ያህል ያወጣሉ? በሎሚና በአመድ ልወልውላቸው? ማሰባሰቡን ልቀጥልበት?»

ምላሽ፦ ሎሚውንም አመዱንም ያስቀምጡ፤ መመዝገቢያ ለተባለውም አንድ ብር አይክፈሉ። እነዚህን ሁለቱን ያስቀደምኩት ከተፈጸሙ በኋላ መመለሻ ስለሌላቸው ነው። የተወለወለ ሳንቲም የቀድሞ ገጹን ዳግም አያገኝም፤ ለማያውቁት ሰው የላኩት ገንዘብም ተመልሶ አይመጣም።

ከዘረዘሯቸው ስድስት ሳንቲሞች መካከል የማምረቻ ስህተት ሊሆኑ የሚችሉት ሁለቱ፣ ቢበዛ ሦስቱ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ከማምረቻው ደህና ወጥተው በኋላ የተጎዱ ናቸው። የእናትዎ ሳንቲም ስህተትም ጉዳትም የለበትም፤ ታሪኩ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። እያንዳንዱን ከማየታችን በፊት ግን ሳንቲሞቹን የለዩበት መንገድ መስተካከል አለበት። እርስዎ የለዩዋቸው እንግዳ ስለመሰሉዎት ነው። እንግዳ መምሰል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በኪስ፣ በመንገድና በእሳት ውስጥ ያለፈ ሳንቲም ሁሉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። መጠየቅ ያለበት፣ ያ መልክ ሳንቲሙ በሚሠራበት ጊዜ በየትኛው ደረጃ ላይ ሊፈጠር ይችላል የሚለው ነው። ደረጃውን ለይተው መናገር እስካልቻሉ ድረስ በእጅዎ ያለው የተጎዳ ሳንቲም ነው ብለው ይቁጠሩት። ይህን ሥርዓት የያዘ ሰው በሰብሳቢነት ዘመኑ ብዙም አይታለልም።

ሳንቲም የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የብረት ንጣፍ ይዘጋጅና ከንጣፉ ላይ ክብ ክብ እየተደረገ ይቆረጣል። እነዚህ ባዶ ክቦች በምድጃ ግለው እንዲለሰልሱ ይደረጋል፤ ዙሪያቸውም ተጨምቆ ጠርዛቸው ከፍ ይላል። ሳንቲሙ የሚለበጥ ከሆነ በሌላ ማዕድን ስስ ሽፋን ይለበጣል። ከዚያ ባዶው ክብ በሁለት ማህተሞች መካከል ይገባል፤ አንደኛው ማህተም የአንበሳውን ገጽ፣ ሌላኛው የዋጋውን ገጽ የያዘ ነው። በዙሪያው ደግሞ ማቀፊያ አለ። ማህተሞቹ ሲመቱ ብረቱ ወደ ጎን እንዳይፈስ የሚያግደው፣ በሳንቲሙ ጎን ላይ ጥርስ ካለም የሚቀርጸው ይህ ማቀፊያ ነው። የዛሬ ማሽኖች በአንድ ደቂቃ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞችን ይመታሉ፤ አንድ ጥንድ ማህተምም ተዳክሞ እስኪወገድ ድረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሳንቲሞችን ሊመታ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ማህተም ይሰነጠቃል፣ ቅባትና ብናኝ በቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ባዶው ክብ ሸሽቶ ይገባል። ስለዚህ ስህተት የሚፈጠረው ወይ በባዶው ክብ ላይ፣ ወይ በማህተሙ ላይ፣ ወይ ሁለቱ በተገናኙበት ምት ላይ ነው። አራተኛ ቦታ የለም።

አሁን ወደ 10 ሳንቲምዎ እንሂድ፤ ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርግበት እሱ ነው። በአንበሳው ፊት ላይ ያለውን መስመር በጥፍርዎ ሳይነኩ፣ ብርሃን ከጎን በኩል እንዲያርፍበት አድርገው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት። መስመሩ ከገጹ ከፍ ብሎ የወጣ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? ማህተም ሲሰነጠቅ በስንጥቁ ውስጥ የሳንቲሙ ብረት ይገባበታል፤ ስለዚህ በሳንቲሙ ላይ የሚታየው ውጤት ከፍ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ጠመዝማዛ የሆነና ከጠርዝ ወይም ከፊደል ተነሥቶ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። ጭረት ግን ብረቱን ይቦረቡራል፤ ወደ ውስጥ የገባ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ ላይም የተገፋ ብረት ይታያል። ከፍ ያለ ከሆነ እውነተኛ የማህተም ስንጥቅ ይዘዋል። የገባ ከሆነ ቁልፍ ወይም ድንጋይ የጫረው ሳንቲም ነው፤ ወደ ገበያ ይመልሱት።

የማህተም ስንጥቅ ደስ የሚል ባሕርይ አለው። ስንጥቁ ያለው በማህተሙ ላይ ስለሆነ፣ ከተሰነጠቀ በኋላ የተመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ያንኑ መስመር በዚያው ቦታ ይይዛሉ። ማህተሙ እየደከመ ሲሄድ ስንጥቁ ይረዝማል፤ አንዳንዴም ከማህተሙ ጠርዝ ቁራሽ ይወድቅና በሳንቲሙ ላይ ፊደሎችን የዋጠ እብጠት ይተዋል። በየሌሊቱ ብዙ ሳንቲም የሚቆጥር እንደ እርስዎ ያለ ሰው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ስንጥቁ የረዘመበትን ሦስተኛውን ሊያገኝ ይችላል። ያኔ በእጅዎ ያለው የአንድ ማህተም የዕድሜ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለውን ተከታታይ ስብስብ ውጭ አገር ተቀምጦ ከካታሎግ የሚገዛ ሰብሳቢ በቀላሉ አያገኘውም፤ አዳማ መናኸሪያ ያለ ባለ ሱቅ ግን ያገኘዋል። በዚህ ትንሽ ነገር ላይ ብዙ የቆየሁት ለዚሁ ነው።

የአንድ ብሩ ሳንቲም ከሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው፦ ከቀለበትና በመሃሉ ከሚገባ ክብ። ሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ ተዘጋጅተው ይገጣጠሙና በአንድ ምት ይታተማሉ፤ በምቱ ኃይል ብረቱ ሲፈስ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። የቀለበቱ ቀዳዳ በትክክል መሃል ላይ ካልተበሳ መሃሉ ወደ አንድ ጎን የሸሸ ይመስላል። ትንሽ መሸሽ በዓለም ሁሉ ባሉ ባለሁለት ክፍል ሳንቲሞች ላይ የሚታይ ተራ ነገር ነው፤ ስህተት ቢባልም ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ቀለበቱ በአንድ በኩል ከሌላው በግልጽ የቀጠነ ከሆነ ወይም በሁለቱ መካከል ክፍተት ከታየ ግን ያስቀምጡት። አንድ ነገር ማጣራት አለብዎት። ሁለቱን ክፍሎች የሚመታው አንድ ማህተም ስለሆነ፣ በቀለበቱ ላይ ያለው ቅርጽና መሃል ላይ ያለው የአንበሳ ራስ ምንጊዜም በአንድ አቅጣጫ መቆም አለባቸው። የእርስዎን ከሌሎች የአንድ ብር ሳንቲሞች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። አንበሳው ከቀለበቱ አንጻር ካዘነበለ መሃሉ በመዶሻ ወጥቶ ተመልሶ የገባ ነው። ከመሃሉ የተለየ ቀለበት ብቻ ይዞ «ማሽኑ ረስቶት ነው» ብሎ የሚመጣ ሰውም ያጋጥምዎታል፤ የቀለበቱን ውስጠኛ ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የመቆለፊያ ምልክት ወይም የመዶሻ ጭረት ካለበት፣ መሃሉ ነበረ ማለት ነው።

የ25 ሳንቲሙ ድርብ ፊደል ቪዲዮዎቹ በብዛት የሚያሳስቱበት ጉዳይ ነው። እውነተኛ ድርብ ማህተም ማለት ማህተሙ ራሱ ሲዘጋጅ ቅርጹ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ተዛንፎ የተቀረጸበት ነው። የዚህ ዓይነቱ ድርብነት ሙሉ ቁመትና ውፍረት ያለው ነው፤ የፊደሉ ጫፍ ሁለት ሆኖ ይከፈላል፣ በሁለቱ መካከልም ትንሽ ስርጉድ ይታያል። ሁለተኛው ዓይነት ማህተሙ በምት ጊዜ ላልቶ ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠር ነው፤ በፊደሉ አንድ ጎን ላይ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ደረጃ ይተዋል፣ ፊደሉንም ያቀጥነዋል። ይህኛው እጅግ ብዙ ነው፤ ሰብሳቢዎች ዋጋ አይሰጡትም። ሦስተኛው ዓይነት የልባጥ መቀደድ ነው። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወዲህ የወጡት ሳንቲሞቻችን የተለበጠ ብረት ስለሆኑ፣ ማህተሙ ሲመታ ስሱ ልባጥ በፊደሉ ሥር ተስቦ ይቀደድና ፊደሉን ተከትሎ የሚሄድ ጥቁር ወይም ብሩህ መስመር ይታያል። ከሩቅ ሲያዩት ሁለተኛ ፊደል ይመስላል። የእርስዎ 25 ሳንቲም ይህ እንደሚሆን እገምታለሁ። ማግኔት ያስጠጉበት። ሳንቲሙ ከተሳበና መስመሩ ጠፍጣፋ የቀለም ልዩነት ብቻ ከሆነ ጉዳዩ አብቅቷል።

ስለ ማግኔት ከተነሣ አይቀር፣ ዓመቱን ማንበብ መልመድ ያስፈልግዎታል። በሳንቲሞቻችን ላይ ዓመቱ የተጻፈው በግእዝ ቁጥርና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ፲፱፻፷፱ ማለት 1969 ነው። በዚያ ዓመት ከወጡት ውስጥ 1 ሳንቲሙ አሉሚኒየም፣ 5 እና 10 ሳንቲሞቹ ናስ፣ 25 እና 50 ሳንቲሞቹ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነበሩ፤ ማግኔት አይስባቸውም። ፲፱፻፺፮፣ ማለትም 1996 የተጻፈባቸው ግን ከልባጡ ሥር አረብ ብረት ስለሆኑ ይሳባሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ከ50 ሳንቲሞቹ አንዱ ሲሳብ ሌላው ሳይሳብ ሲያይ ትልቅ ስህተት ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ሁለት የተለያዩ ዘመን ሳንቲሞችን ነው።

ቀይ የሆነው 50 ሳንቲም የማምረቻ ስህተት አይደለም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ከሰል ምድጃ ውስጥ የወደቀ፣ የባትሪ አሲድ የነካው ወይም በቆሻሻ መሬት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የተቀበረ ሳንቲም ቀለሙን ይለውጣል። ልባጥ ሳያገኘው የተመታ እውነተኛ ሳንቲም የሚታወቀው ቅርጹ ሙሉ ሆኖ፣ ፊደሎቹ ሹል ሆነው ሽፋኑ ብቻ ሲጎድል ነው። አሲድ የበላው ግን ፊደሎቹም አብረው ይሳሳሉ፣ ክብደቱም ይቀንሳል። የእርስዎ ሳንቲም ፊደሎች የሟሙ መስለው ከታዩዎት ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ።

የሳሳው 5 ሳንቲም የባቡር ሐዲድ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። የድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር አዳማን አቋርጦ ያልፍ ስለነበር፣ ሐዲድ ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ባቡሩ እስኪያልፍ መጠበቅ የልጅነት ጨዋታቸው የነበረ ሰዎች በከተማው ጥቂት አይደሉም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሳንቲሙ ወደ አንድ አቅጣጫ ይረዝማል፣ በሁለቱም ገጽ ያለው ቅርጽ አብሮ ይለጠጣል። በስስ ንጣፍ ላይ በስህተት የተመታ ሳንቲም ግን ስፋቱ ትክክለኛ ሆኖ ቅርጹ ደካማ ይሆናል፤ ምክንያቱም ማህተሞቹ በሙሉ ኃይላቸው የሚይዙት በቂ ብረት አላገኙም። ስፋቱን ከሌላ 5 ሳንቲም ጋር ደራርበው ቢያዩት በቅጽበት ይለያል።

የእናትዎን 25 ሳንቲም በተመለከተ፣ ዙሪያው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በ1936 ዓመተ ምሕረት የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች ሲወጡ 25 ሳንቲሙ መዳብ፣ 50 ሳንቲሙ ብር ነበር። ያ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ሆኖ ወጣ፤ መጠኑ ከ50 ሳንቲሙ ጋር ስለተመሳሰለ የብር መልክ እየተቀባ እንደ 50 ማለፍ ጀመረ። በዚህ ምክንያት ክቡ ተሰብስቦ ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል የተቀረጸው ተተካ፤ ሰው በእጁ ዳስሶም እንዲለየው ነው። በብዛት የሚገኘው የእርስዎ ዓይነቱ ነው። ብርቅ የሆነው ያ ክብ የመጀመሪያው ነው፤ በእናትዎ ሣጥን ውስጥ ሌላ ካለ በጥንቃቄ ይመልከቱ። በዚያ ዘመን ሳንቲሞች ላይ ዓመቱ 1936 ብቻ መሆኑም እንዳያሳስትዎት። ዓመቱ ሳይቀየር ለብዙ ዓመታት ተመትተዋል። 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ እስከ ቅርብ ጊዜ የተመታው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብርም እንዲሁ ነው።

ስለ ዋጋ ደግሞ። ቪዲዮዎቹ የሚጠቅሷቸው ሽያጮች ሁሉ ውሸት አይደሉም፤ ከእርስዎ ሳንቲሞች ጋር ግን አይገናኙም። በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው፣ ድርብ ማህተም ያለበት የአሜሪካ የአንድ ሴንት ሳንቲም ውድ የሆነው ዓመቱና ጽሑፉ ያለ አጉሊ መነጽር ድርብ ሆኖ የሚታይ ስለሆነ፣ የወጣውም በአሥር ሺዎች ብቻ የሚገመት ስለሆነ ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱን ዓመት ሞልቶ መያዝ የሚፈልጉ እጅግ ብዙ ሰብሳቢዎች አሉ። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ ሳንቲሞቿን በአዲስ ቅርጽ ስትተካ፣ የ20 ፔንሱ ዓመት ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው መዛወር ነበረበት፤ በስህተት የድሮው የንግሥቲቱ ማህተም ከአዲሱ ገጽ ጋር ተጣመረና በሁለቱም በኩል ዓመት የሌለው ሳንቲም ወጣ። ከ50,000 እስከ 250,000 እንደሚሆኑ የተገመቱት እነዚያ ሳንቲሞች ከተጻፈባቸው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይሸጣሉ። በሁለቱም ምሳሌዎች ስህተቱ የታወቀ፣ የተመዘገበና ፈላጊ ያለው ነው። የስህተት ዋጋ የሚሠራው በፈላጊው ብዛት ነው። ለኢትዮጵያ ሳንቲሞች ጥቃቅን ስህተቶች የተረጋጋ ገበያና የታወቀ የዋጋ ዝርዝር የለም። የማህተም ስንጥቅ ወይም ማህተሙ በቅባት ተደፍኖ የደበዘዘ ፊደል ያለበት ሳንቲም ለአንድ ወዳጅ ሰብሳቢ ከተጻፈበት ዋጋ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠብቁ። ወደ ውጭ ልኮ በባለሙያ ድርጅት ማስመርመርም የመላኪያና የምርመራው ወጪ ከሳንቲሙ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠየቅባቸው የሚችሉት ጎልተው የሚታዩ ስህተቶች ናቸው። ከመሃል በግልጽ ሸሽቶ የተመታና የገጹ ክፍል ባዶ የቀረ፣ የሌላ ዋጋ ሳንቲም ባዶ ክብ ላይ የተመታ፣ ወይም ጠርዙ በክብ ቅርጽ የተቆረጠ ሳንቲም ከእነዚህ ይመደባል። የመጨረሻውን በቤት ውስጥ በሞረድ ማስመሰል ስለሚቻል መፈተኛውን ይወቁ። ከንጣፉ ሲቆረጥ የጎደለ ሳንቲም ዙሪያው ሲጨመቅ በጎደለው በኩል የሚገፋው ነገር የለም፤ ስለዚህ ከጎደለው ቦታ ትይዩ ያለው ጠርዝም ደክሞ ይታያል። በሞረድ የተቆረጠ ሳንቲም ግን በትይዩው በኩል ጠርዙ ሙሉና ጠንካራ ነው። ይህን ምልክት አስመሳዮች ብዙውን ጊዜ አያውቁትም።

በእጅዎ ያለውን ለማነጻጸር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ አነስተኛ መነጽር፣ ማግኔትና ክብደት የሚለካበት ቦታ ይበቃል፤ ለክብደቱ የሚያውቁት ወርቅ ቤት ካለ በሥራ መካከል ያስመዝኑ። የአንድን ሳንቲም ክብደት ብቻውን አይመኑ። አንድ ዓይነት ዋጋና ዓመት ያላቸውን ብዙ ደህና ሳንቲሞች መዝነው በመካከላቸው ያለውን ተፈጥሯዊ ልዩነት ይወቁ፤ የተጠረጠረው ከዚያ ወሰን በግልጽ ካልወጣ የክብደት ጥያቄውን ይዝጉት። የማህተም መዞርን ለመፈተሽም እንዲሁ ያድርጉ። ሳንቲሙን ከላይና ከታች በሁለት ጣት ይዘው ሲያዞሩት ጀርባው በትክክል ቆሞ መታየት አለመታየቱን ከሌሎች መሰሎቹ ጋር ያስተያዩ፤ አንዱ ብቻ ተዛንፎ ከቆመ አንደኛው ማህተም በማሽኑ ላይ ዞሮ ነበር ማለት ነው። ይህ ስህተት በመንገድ ላይ በሚደርስ ጉዳት ሊፈጠር ስለማይችል ለጀማሪ እጅግ አስተማማኝ ነው። ሁለት ቀጫጭን ግማሾች ተጣብቀው የተሠሩ እንዳይሆኑ ግን የሳንቲሙን ጎን ዞር አድርገው ስፌት ካለው ይዩ።

አያያዙን በተመለከተ፣ ጣሳው ጥሩ አይደለም፤ ሳንቲም ከሳንቲም ሲጋጭ ለማየት የፈለጉትን ምልክት ያጠፋል። እያንዳንዱን በደረቅ ነጭ ወረቀት በተሠራ ትንሽ ኤንቨሎፕ ለብቻው ያስቀምጡ። ሽታ ያለውና ለስላሳ የሆነ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር እያወጣ ሳንቲሙን ይበላል፤ የጎማ ማሰሪያም ሳንቲሙን ያጠቁራል። አዲስ ጫማ ሲገዙ በካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ከሣጥኑ ውስጥ ይክተቱ፤ የተለበጠ ብረት ጠላቱ እርጥበት ነው። አቧራ ካለበት በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርገው ወዲያው ያድርቁት። ሎሚና ኮምጣጤ የላዩን ሽፋን ይበላሉ፤ አመድ፣ አሸዋና የጥርስ ሳሙና ይጭራሉ። በኤንቨሎፑ ላይ የተገኘበትን ቀንና ቦታ፣ ክብደቱን፣ ማግኔት መሳቡን አለመሳቡን፣ ስህተቱም በየትኛው ደረጃ የተፈጠረ እንደሚመስልዎት ይጻፉ። ይህን መጻፍ ያቃተዎትን ሳንቲም ከስብስቡ ያውጡት።

ሁለት ነገሮችን አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። ሳንቲምን ሆን ብሎ አበላሽቶ ወይም አስመስሎ ሠርቶ እንደ ማምረቻ ስህተት መሸጥ ማታለል ነው፤ የወንጀል ሕጉም ገንዘብ ማስመሰልንና መለወጥን በከባዱ ይቀጣል። «ለሙከራ» ብለውም እንኳ አይጀምሩት። ሌላው፣ ሰብሳቢ መሆንዎ ከታወቀ ከመሬት የወጣ የአክሱም ሳንቲም እንግዛ ወይም እንሽጥ የሚሉ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። ያ የአገር ቅርስ ነው፤ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅድም። ከስህተት ሳንቲም መዝናኛ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት።

አሁን ምክሬን ልስጥ። ማሰባሰቡን ይቀጥሉ፤ ለመሸጥ አስበው ግን አይሁን። የስብስብዎን መሠረት ስህተት አያድርጉት፤ መሠረቱ የደህናዎቹ ሳንቲሞች ሙሉ ስብስብ ይሁን። እያንዳንዱን ዋጋ በእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ንጹሕ ሳንቲም ይያዙ። የ1969ኞቹን በተለይ በጥንቃቄ ያስተያዩ፤ ከአንድ በላይ በሆኑ የውጭ ማምረቻዎች የተመቱ በመሆናቸው በአንበሳው አገጭ ሥር ባለው ጺምና በጎፈሩ አቀራረጽ ላይ ልዩነት አላቸው። ይህ ስህተት አይባልም፤ የሁለት ቀራጮች እጅ ልዩነት ነው። ሆኖም ዓይንዎን ከማንኛውም ቪዲዮ በተሻለ ያሠለጥናል፤ የአንበሳውን ጺም ለይቶ ያወቀ ሰው የማህተም ስንጥቅ አያመልጠውም። ስህተቶቹ በዚህ ስብስብ ላይ እየተጨመሩ ይሂዱ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ከሁለት በላይ አይያዙ። የቀረውን በዚያው ሳምንት ለባጃጆቹ ይመልሱ። ዝርዝር በሚያጥርበት ከተማ ሳንቲም በጣሳ አከማችቶ መያዝ ደንበኛን ይጎዳል፤ አዳዲስ ሳንቲሞች በእጅዎ እንዲያልፉም የቆዩት መውጣት አለባቸው።

የመመዝገቢያ ገንዘብ ለጠየቀዎት ሰው መልስ አይስጡት። እውነተኛ ገዢ ሳንቲሙን አይቶ ይከፍላል እንጂ ከሻጭ ገንዘብ አይጠይቅም። ከስድስቱ ውስጥ ቀዩን 50 እና የሳሳውን 5 ከስብስቡ ያስወጡ። 25 ሳንቲሙን በማግኔት ይፈትኑት። የእናትዎን ለብቻ በኤንቨሎፕ ያስቀምጡና ማን እንዳቆየው ይጻፉበት። የአንድ ብሩን የቀለበት ስፋት በሁለቱም ጎን ይለኩ። የ10 ሳንቲሙ መስመር ከፍ ያለ ሆኖ ካገኙት፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ በአንበሳው ፊት ላይ ያንኑ መስመር የያዘ ሁለተኛ ሳንቲም ይፈልጉ።